በጋይንት ኩሬ ዳር አንድ ቅዳሜ



ስለ ንፋስ መውጫ ሲወራ የሚነሣው ብርዱ፣ ድንቹና ቻይናውያን የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ ነው። ዓሣን የሚያነሣ የለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በስተምዕራቧ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ አለ። ስሟ በከንቱ እንዳልወጣላት በኅዳር ሌሊት ጋቢ ደርቦ ያደረ ሁሉ ይመሰክራል። እኛም እዚያ ባስተማርንባቸው ዓመታት ዓሣ ሲያምረን ያደግንበትን ጣናን እናስብ ነበር እንጂ ከእግራችን ሥር ይገኛል ብለን አልጠበቅንም።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ግን ከተማሪዎቻችን አንዱ ከአያቱ የተላከ መልእክት ይዞልን መጣ። ልጅ ሳለን ከቁርኣን ቤት ስንወጣ መንጠቆ ይዘን ወደ ጣና እንሮጥ እንደነበር አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ሳናስበው አውርተን ኖሯል። አያትየው፣ «ኩሬዬ እየጎደለ ነው። ዓሣው አየር አጥቶ ሳያልቅብኝ በመንጠቆ የሚያወጣ ከሆነ ያ መምህር ይምጣልኝ» ብለዋል። ልጁ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ከገጠር በሚመጣለት ስንቅ የሚማር ነውና ከዓሣው የሚገኘው ገንዘብ ለኪራዩ የታሰበ መሆኑን ቆይተን ሰማን።

ቅዳሜ ሱብሒን ሰግደን ከአንድ ባልደረባችን ጋር ተነሣን። ወደ ታች ጋይንት በሚወስደው አቅጣጫ በገብስ ቃርሚያና በባሕር ዛፍ መካከል ሦስት ሰዓት ያህል ቁልቁል ወረድን። በወረድን ቁጥር ነፋሱ እየቀለለ፣ ፀሐዩ እየበረታ ሄደ።

ኩሬው በርዝመት ሃያ፣ በወርድ አሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ግድም በክልሉ በየመንደሩ የውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ ሲቆፈር እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አብዛኛው ውኃውን እያሰረገ ደርቆ ቀርቷል። የእኒህ ሽማግሌ ግን መሬቱ ሸክላ ስለሆነ ውኃውን ያዘ፤ ኋላም በግብርና ባለሙያዎች በኩል የካርፕ ጫጩት ተጨመረበት። ካርፕ ብርድንም ድፍርስ ውኃንም የሚችል ዓሣ ነው። አገሩ አውሮፓና እስያ ሲሆን ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በኩሬ ሲያረቡት ኖረዋል። ወደ እኛ አገር የገባው ከጣልያን መጥቶ አዲስ አበባ አጠገብ በሚገኘው በአባ ሳሙኤል ግድብ በተለቀቀ ጊዜ ነው።

አንዷ እናት ዓሣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለችና ኩሬው በዓመታት ውስጥ ሞላ። ሽማግሌው ደግሞ ሌባና ወፍ እንዳይደፍረው ብለው የግራር እሾህና የባሕር ዛፍ ግንድ ከውስጡ ከትተዋል። ሌባው በርግጥ ተከለከለ። ዳሩ ግን ባለቤቱም ተከለከሉ። የተዋሱት መረብ በመጀመሪያው ቀን እሾህ ላይ ተቀዶ ቀርቷል።

ገና ሳንቀመጥ ሽማግሌው፣ «ልጆቼ፣ ኩሬውን እንዳለ በአንድ ዋጋ ልሽጥላችሁና ያወጣችሁትን ውሰዱ» አሉን። እኛም በሃይማኖታችን ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ እንደማይሸጥ፣ ምን ያህል እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ሳያውቁት የሚደረግ ንግድ አንደኛው ወገን የሚጎዳበት መሆኑን አስረዳናቸው። በመድረሳ ኪታብ ስንቀራ ለዚህ ዓይነቱ ሽያጭ የሚሰጠው ምሳሌ ይኸው ዓሣ ነበርና ምሳሌው ራሱ ከፊታችን ሲቀመጥ ሳቃችን መጣ። በመጨረሻ፣ ወጥቶ ሣር ላይ የተጋደመውን እያንዳንዱን በ15 ብር ልንገዛ ተስማማን። ይህ ማለት ግን ምንም ካልወጣ እርሳቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ወዲያው ገባቸው፤ ፊታቸውም ጠቆር አለ።

ሸምበቆ ቆርጠን፣ ናይለን ክር አስረን፣ የጠርሙስ ቡሽ ተንሳፋፊ አድርገን መንጠቆው ላይ ትል ሰካን። ዓሣው ግን ወይ ፍንክች! ካርፕ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ምግብ ሲያገኝ ይስበዋል፣ ያጣጥመዋል፣ ካልጣመው መልሶ ይተፋዋል። ቡሹ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። የመስሚያ አካሉም ከአየር ከረጢቱ ጋር በትናንሽ አጥንቶች የተያያዘ ስለሆነ ዳር ላይ የሚረገጥ እግር ሳይቀር ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ግድም ሆላንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ አንድ ጊዜ በመንጠቆ ተይዞ የተለቀቀ ካርፕ ለረጅም ጊዜ መንጠቆን እንደሚሸሽ አሳይቷል። ሪቻርድ ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1952 ሬድማየር ከተባለች ትንሽ ኩሬ 20 ኪሎ ግድም የሚመዝን ካርፕ ያወጣው በጨለማ ሌሊት ነበር። እኛ ግን በቀትር፣ የመንደሩ ልጆችና ውኃ ሊጠጡ የመጡ ከብቶች ከበውን፣ ለቅሶ ቤት በመሰለ ግርግር መካከል ነን። አንዱ ይመክራል፣ አንዱ ይስቃል፣ ወይፈኑ ክራችንን ይረግጣል። ሦስት መንጠቆም እሾህ በላብን።

ባልደረባችን ለስንቅ ከያዘው በሶ ቆንጥሮ በውኃ ለወሰና እንደ ባቄላ ፍሬ አድቦልቡሎ ሰካው። የተቀቀለ ድንችም ጨመርንበት። እንግሊዞች ለካርፕ ድንች እንደሚጠቀሙ አንብበን ነበር፤ ድንች ደግሞ በጋይንት አይጠፋም። ልጆቹን ሃያ እርምጃ አራቅናቸው። ከዚያም የዙህር ሰዓት ደረሰና ሸምበቆውን ለተማሪያችን ሰጥተን ሶላት ቆምን።

ሁለተኛው ረከዓ ላይ ነው «መምህር! ወሰደው! መምህር!» የሚለው ጩኸት የመጣው። ንብረት ለማዳን ሶላት ማቋረጥ ስለመቻሉ ዑለማዎች የተናገሩት፣ አላህ ይማረንና፣ እዚያው በቆምንበት ትዝ አለን። ነገር ግን ገና ያልወጣ ዓሣ የእኛ ንብረት እንዳልሆነ ጧት ለሽማግሌው ያስተማርነው እኛው ነን! ዝም ብለን ሰገድን። አሰላምተን ስንዞር ልጁ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ሸምበቆው ተለምጦ፣ ዓሣው ወደ ግንዱ እየጎተተው ነበር። «አታላላ! ወደ ጎን ሳበው!» አልነው። ግንዱ ሥር ከገባ ክሩ ይበጠሳልና። አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን፣ ወርቃማ ቅርፊት ያለው፣ አፉ ላይ አራት ጢም ያንጠለጠለ ካርፕ ሣሩ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ዓሣውን ሳይሆን የልጅ ልጃቸውን ሲያዩ አየናቸው።

እስከ ዐስር ድረስ አሥራ አንድ ወጣ። አብዛኞቹ በመጨናነቅ የቀጨጩ ነበሩ። አንድ ትልቅ፣ ጀርባው ብቻ የታየን፣ ክሩን ከነቡሹ በጥሶ ግንዱ ሥር ገባ።

ዋጋውን ከፍለን ልንነሣ ስንል ሽማግሌው «ሳትበሉማ አትሄዱም» አሉ። እንደሚታወቀው በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና እየኖረ የሥጋ ገበታው ግን ለየብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሌላው ወገን ሽሮ ወይም ቆሎ ይቀርብለታል። ዓሣ ግን ቢላዋም ባራኪም አይፈልግም፤ ሳይታረድ ሐላል ነው። ለእርሳቸውም የጾም ቀን አልነበረም። ባለቤታቸው ዓሣ ሠርተው ስለማያውቁ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ከሩቅ ያዩ ነበር። እኛው አጽድተን፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሰን በባሕር ዛፍ ፍም ላይ ጠበስነው። ካርፕ ሥጋው ውስጥ ሹካ መሳይ ቀጫጭን አጥንት ይበዛበታልና ለሽማግሌው አጥንቱን እየለቀምን አቀረብን። ቢስሚላህ ብለን እኛ ጀመርን፤ እርሳቸው አማተቡ። በአንድ ትሪ በላን። በመጨረሻ እማማም ቀረቡና በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ፤ «የጭቃ ቃና አለው» ብለው ሁለተኛ ቆረሱ።

የቀሩንን ሁለት መንጠቆዎች ለተማሪያችን ትተንለት ወጣን። ዳገቱን በጨረቃ ነበር የወጣነው።

ሰኞ ጧት ክፍል ውስጥ ልጁን ጠርተን እሑድ ስንት እንዳወጣ ጠየቅነው።

«ዘጠኝ» አለ።

«ትልቁስ?»

«እሱማ ቡሻችንን እየጎተተ አለ።»