ታክሲው ከሚቆምበት ወዲያ

አንባቢዬ ሆይ፤ እሑድን እንዴት እንደሚያሳልፉ ባልጠይቅዎም መገመት አያቅተኝም። ተማሪ ከሆኑ ደብተርዎን ደረትዎ ላይ እንደ ዘረጉ እስከ አራት ሰዓት ይተኛሉ። ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም ሸሚዝዎን አጥበው ያሰጡና ከባልንጀሮችዎ ጋራ አንዲት ማኪያቶ ይዘው ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ ሲያወሩ ይውላሉ። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። ዛሬ ይህን የምጽፍልዎ ግን ልወቅስዎ አይደለም። በታክሲ ሒሳብ ብቻ የሚደረስበትን አንድ የእግር መንገድ ላሳይዎ፥ በዚያም መንገድ ላይ ሳለሁ ትዝ ያለኝን አንድ ዕዳዬን ልነግርዎ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። በማለዳ ተነሥተው ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄደውን ሚኒባስ ይሳፈሩ። ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ልብስ የሚሸጥባቸውን ሱቆች እንዳለፉ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሌላ ታክሲ ያገኛሉ። ጉልበት ካለዎ ግን ዳገቱን በእግርዎ ይውጡት፤ ነገር ግን አይቸኩሉ። አዲስ አበባ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ትንፋሽዎ ቢያጥር ልብዎን ታመዋል ማለት አይደለም፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ነው።

እንጦጦ ማርያም ሲደርሱ ጥቂት ይረፉ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ደብር ነው። ከተማቸውም አስቀድሞ በዚሁ ተራራ ላይ ነበረች። ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ የጠና፥ ማገዶውም የራቀ ስለ ነበር፥ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ያለበትን የታችኛውን ሜዳ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ዛሬ ከራስዎ በላይ የሚያፏጨው ባሕር ዛፍም ከአውስትራልያ የመጣ እንግዳ ነው፤ የከተማዪቱን የማገዶ ችግር እንዲያቃልል በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ተተከለ። ከጫካው ከፊሉ ከ2013 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ እንጦጦ ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል። በጀርባቸው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ካጋጠሙዎ መንገዱን ይልቀቁላቸው። እርስዎ ለመዝናናት ነው የመጡት፤ እነርሱ ለእንጀራ ነው።

አብዛኛው ሰው ከዚህ ይመለሳል። እኔ የምመክርዎ ግን ጀርባዎን ለከተማው ሰጥተው ወደ ሰሜን እንዲሻገሩ ነው። ይህ ሸንተረር የሁለት ወንዞች ድንበር ነው። ከወዲህ የወረደው ዝናብ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ከሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከወዲያ የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ዐባይ ይገባና ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ ይጓዛል። አንድ እግርዎን ወዲህ፥ አንድ እግርዎን ወዲያ አድርገው ቢቆሙ፥ ያለ አንዳች የትምህርት መሣሪያ ጂኦግራፊን ተማሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን ይዘው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳሉ። ባለፈው ዓመት በጥቅምት አንድ እሑድ፥ እኔ በዚህ ቁልቁለት እያፏጨሁ ስወርድ፥ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሽቅብ ሲመጡ አገኘኋቸው። በእጃቸው በሲባጎ የታሰረ ፌስታል ይዘዋል። ሰላምታ ተሰጣጥተን ከአንድ የጥድ ጥላ ሥር አብረን ተቀመጥን።

«ልጄ፥ ከተማ ነው የምትሠራው?» አሉኝ።

«አዎን፥ አባቴ።»

«እንግዲያስ ታውቅ ይሆናል። ነገ ቢሮ የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው?»

«በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ ከአሁኑ ለምን ወጡ?»

«ዛሬ ከዘመድ ቤት አድሬ ነገ በጧት ልደርስ ነው። የጡረታ ጉዳይ ነበረኝ። ባለፈው ጊዜ በሰዓቱ ደርሼ ሳለሁ ‹ፋይሉ የለም፥ ሐሙስ ተመለስ› አሉኝ። ሐሙስ ብመጣ ያ ልጅ ራሱ የለም። ይህ ሦስተኛዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን በመኪና አይሄዱም?»

«የመኪናውን ገንዘብ ለመመለሻ አስቀምጨዋለሁ። ስመለስ ጉልበቴ አይበቃኝም።»

አንባቢዬ ሆይ፤ በእጄ የያዝሁት ዳቦ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። እኒህ ሽማግሌ የሚሄዱበት መሥሪያ ቤት የእኔ አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት በፊት፥ እንደ እሳቸው ያለ ፌስታል የያዙ ሌላ አዛውንት በእኔ መስኮት ፊት ቆመው ነበር። ፋይላቸውን ለማግኘት መሰላል አቁሞ የላይኛውን መደርደሪያ መፈተሽ ያስፈልግ ነበር፤ ለምሳ ሰዓት ደግሞ ሩብ ጉዳይ ቀርቶታል። «ፋይልዎ አልተገኘም፤ ሐሙስ ይመለሱ» አልኋቸው። ሐሙስ ዕለት ግን ስብሰባ ነበረብኝ። መጥተው ይሁን ቀርተው አልጠየቅሁም።

ይህን ለሽማግሌው አልተናዘዝሁም። ዳቦዬን ቆርሼ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ተቀብለው «እግዜር ይስጥህ። ምነው ከዚያም ቢሮ እንዳንተ ያለ ልጅ ባገኝ!» ብለው መረቁኝና ከዘራቸውን አንሥተው ዳገቱን ያዙት። እኔ ቆሜ አየኋቸው። በየጥቂቱ ያርፉ ነበር።

ሜዳው ላይ ስደርስ የአደይ አበባው ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል፤ ወተት የጫነች አህያ ወደ አስፋልቱ ትነዳለች። ከማርያም ደጅ እስከ ጎጃም መንገድ ድረስ በዝግታ ስሄድ ሦስት ሰዓት ያህል ወሰደብኝ። ከዚያ ሚኒባስ ያዝሁና ወደ አዲሱ ገበያ ተመለስሁ። እኔ ቁልቁል በጨዋታ የወረድሁትን፥ እሳቸው ሽቅብ በከዘራ ይወጡታል።

እርስዎም ለመሄድ ካሰቡ ጥቂት ነገር ልንገርዎ። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ በክረምት የሜዳው መረሬ አፈር ጫማ ያስቀራል። ብቻዎን አይሂዱ፤ ሁለት ሦስት ሆነው ይሂዱ። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለም እንጦጦ ላይ ተንሸራሽሮ መመለስ ነውር የለውም። ውሃ፥ ዳቦና ቆሎ፥ ለፀሐዩም ባርኔጣ ይያዙ። ከአሥር ሰዓት በፊት ከአስፋልቱ ይድረሱ፤ ከመሸ በኋላ መኪና መጠበቅ ያስመርራል። በሜዳው ያለው ባላገር አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለ ሆነ «አካም ጅርቱ?» ማለትን ይልመዱ። በሰው እርሻ መካከል አያቋርጡ፤ ውሻ ቢጮህብዎም ድንጋይ ከማንሣትዎ በፊት ባለቤቱን ይጥሩ።

በማግሥቱ ሰኞ፥ ቢሮ እንደ ገባሁ መሰላሉን አቆምሁ። የእኒያን የእኔን ባለጉዳይ ፋይል ለማግኘት ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። በራሳቸው ስም ተራ መግባት ሲገባው በአባታቸው ስም ተራ ተቀምጦ ኖሯል። የጎደለው ነገር አንድ ፊርማ ብቻ ነበር፤ አስፈረምሁት። በውስጡ የስልክ ቁጥር ስላልነበረ፥ ጉዳያቸው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ በቀበሌያቸው አድራሻ ላክሁ።

አዛውንቱ እስከ ዛሬ አልመጡም። ደብዳቤው ደርሷቸው ይሆን? ወይስ ለሦስተኛ ጊዜ የሚነሡበት ጉልበትና የመመለሻ ገንዘብ አጥተው ይሆን? ፋይሉን ወደ መደርደሪያው አልመለስሁትም፤ በጠረጴዛዬ ላይ ከፊት ለፊቴ አለ። የምሳ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆንና አንድ ሰው ፌስታሉን ይዞ ከመስኮቴ ሲቆም፥ አስቀድሜ የማየው እርሱን ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ የሚመጣው እሑድ ቢመችዎ ወደ ሽሮ ሜዳ ይሂዱ። አየሩ ለሳንባዎ፥ ዳገቱም ለጉልበትዎ መልካም ነው። ወደ ሰሜን ሲወርዱ ግን፥ በፊትዎ የሚመጣው ሰው ነገ ጧት ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁት።