ከስፖኪዮው ጀርባ ያለችው ትንሽ ዓይን

ያለፈው ዓመት የቡሄ ዋዜማ ነው። ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ከሜክሲኮ ወጥቼ ወደ ቤቴ፣ ወደ ጌጃ ሰፈር እየገባሁ ነበር። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲያባራ ሲመለስ ውሎ ያካፋል። የዝናብ መጥረጊያውን እንደ ወትሮው "አውቶ" ላይ ትቼዋለሁ፤ ሲዘንብ ራሱ ይነሳል፣ ሲያቆም ራሱ ይተኛል። ሦስት ዓመት እንዲህ ለምጄዋለሁ።

ከፊት የመጣ ሚኒባስ ጉድጓድ ውስጥ ገባና የጭቃውን ውሃ እንዳለ መስታወቴ ላይ ደፋው። ጠበቅኩ። መጥረጊያው አልተነሳም። አንድ ሰከንድ ይሁን ሁለት እንጃ፣ ብቻ ምንም አይታየኝም፤ እጄ ደግሞ ወደ መጥረጊያው ማንሻ መሄድ ረስቷል። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ቆማ መጥረጊያውን በእጄ ከፍቼ መስታወቱን ስጠርገው ሦስት ልጆች ዱላቸውን ይዘው፣ ፌስታል ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ከመኪናዋ አፍንጫ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመዋል። ትልቁ ልጅ ትንሹን በደረቱ አግዶ ይዞታል። እስካሁን ዓይኔ ላይ ያለው ያ እጁ ነው። ወዲያው ግን ወደ መስኮቴ መጥተው ሆያ ሆዬያቸውን ጀመሩልኝ። ኪሴ ውስጥ ያለውን በሙሉ ሰጠኋቸው፤ ጣቶቼ ብሩን መቁጠር አልቻሉም።

ክረምቱ ደጃችን ላይ ስለሆነ ከዚያ ማታ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችን ዝናቡን አውቆ መጥረጊያውን የሚያስነሳው ሴንሰር ሰማዩን ወይም መንገዱን የሚያይ ይመስለናል። አያይም። ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ መስታወቱ ላይ የተጣበቀች ትንሽ ዕቃ ናት። ለሰው ዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን አጋድላ፣ በ45 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ መስታወቱ ትልካለች። መስታወቱ ደረቅ ከሆነ ብርሃኑ ከውጭኛው ገጽ ተንጸባርቆ ይመለስላታል። ጠብታ ካረፈበት ግን በጠብታው በኩል ወደ ውጭ ያመልጣል። የተመለሰላት ብርሃን ባነሰ ቁጥር ዝናቡ በርትቷል ብላ መጥረጊያውን ታፈጥናለች። የምታውቀው ያችኑ የተጣበቀችባትን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። በእኔ ፊት ያለው መስታወት በጭቃ ቢለሰን እሷ ጋ ካልደረሰ ለእሷ አገር ሰላም ነው።

የመጥረጊያ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እያረፈ የሚጠርገውን መጥረጊያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፈለሰፈውን አሜሪካዊ ሮበርት ኪርንስን በሠርጉ ማታ የሻምፓኝ ቡሽ ግራ ዓይኑን መትቶ ጎድቶት ነበር። ሐሳቡን ያመጣለት የዓይን ቆብ መርገብገብ ነው። ዓይኑ የተጎዳ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማሰቡ ልቤን ይነካኛል።

ከዚያ ማታ በሳምንቱ መኪናዬን ሰፈራችን ያለ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኳት። ኮምፒውተር ከማገናኘቱ በፊት የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በስቶ ውሃ ሞላና "ጋሼ፣ ቁልፉን ይክፈቱና አውቶ ላይ ያድርጉት" አለኝ። ከስፖኪዮው ትይዩ ረጨ። ምንም። እንደገና ረጨ። ምንም። ከዚያ ከውጭ ጎንበስ ብሎ አየና ጠራኝ። "መስታወት አስቀይረዋል እንዴ?" አዎ፣ ሐምሌ ላይ ጠጠር ሰንጥቆት አስቀይሬ ነበር።

ሲያሳየኝ ገባኝ። ስልክ ላይ ስክሪን ፕሮቴክተር በደንብ ሳይለጠፍ ሲቀር ከስር የሚቀሩት የአየር አረፋዎች አሉ አይደል? ልክ እንደዚያ። ሴንሰሩና መስታወቱ መካከል ጥርት ያለ የጄል ንጣፍ አለ፤ ብርሃኑ ወደ መስታወቱ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። መስታወቱን የቀየረልኝ ሰው ያንኑ አሮጌውን ጄል መልሶ ለጥፎታል። አየር ከገባበት ብርሃኑ መንገድ ላይ ይሳሳታል፤ አንዳንዱ መኪና በጠራራ ፀሐይ ይጠርጋል፣ የእኔው ደግሞ በዝናብ ተኛ። ልጁ ከሶማሌ ተራ አዲስ ጄል አስመጥቶ፣ መስታወቱን በአልኮል ወልውሎ፣ ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ አየሩን እያስወጣ ለጠፈው። ውሃ ሲረጭበት መጥረጊያው ብድግ አለ። አንዳንድ መኪኖች ከመስታወት ቅያሬ በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል እንደሚያስፈልጋቸውም የነገረኝ እሱ ነው።

የመጥረጊያውን ጎማም ነካክቶ አሳየኝ። በጋውን ሙሉ በአዲስ አበባ ፀሐይ ደርቆ ጠርዙ ተሸራርፏል። እንዲህ ያለ ጎማ ውሃውን አይጠርግም፣ ይለቀልቀዋል፤ ልቅላቂው ሴንሰሩ ፊት ከቀረ እሷም ገና እየዘነበ ይመስላታል። አቧራና የናፍጣ ጥላሸትም ያው ነው። አሁን በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት ያችን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋታለሁ።

መስታወታችን ላይ የምንለጥፈውንም እዩት። ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገኑ፣ የቅዱሳን ሥዕሉ ስፖኪዮው አካባቢ ይከማቻል። ሴንሰሯ ላይ ያረፈ ካለ አንሱት። ላቫጆ ስትገቡ ደግሞ እባካችሁ አውቶውን አጥፉት፤ አጣቢው ልጅ መስታወቱን ሲያሽ መጥረጊያው ድንገት ተነስቶ እጁን ይመታዋል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። ጎረቤቴ የገዛት መኪና መጥረጊያዋ የሚስተካከለው ስክሪን ላይ ነው፣ ጽሑፉም ቻይንኛ። ሁለታችን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠን በስልክ ካሜራ እያስተረጎምን ማስተካከያውን አገኘነው። ሳያገኘው ሐምሌ ቢገባ ኖሮ ብዬ አሁንም ይጨንቀኛል። የእናንተም እንዲያ ከሆነ መኪናው ቆሞ ሳለ ፈልጉት። ከሁሉ በላይ አንዴ ብቻ የሚያስጠርገውን ማንሻ ወይም ቁልፍ እጃችሁ ሳያይ እንዲያገኘው አለማምዱት። የሚኒባስ ጭቃ ጊዜ አይሰጥም።

እኔ አሁን አውቶውን አልተውኩትም፤ ሲሠራ ጥሩ ነገር ነው። ግን ከልደታ ወደ ውስጥ ስታጠፍ ጣቴ ማንሻው ላይ ነው። ዘንድሮ ነሐሴ 12 ማታ ደግሞ መኪናዋን በጊዜ ግቢ አስገባታለሁ። ልጆቹ በሬን ሲያንኳኩ ሙልሙሉን ይዤ ቤት መገኘት እፈልጋለሁ።