የፊት አክስል ከመግዛት በፊት

ስለ መኪና ዕቃ በመምህራን ማሠልጠኛ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለአንዳንዶች እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ላደግን ሰዎች መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለችም። ቡናው ገበያ የሚደርሰው፣ በሽተኛው ሐኪም ቤት የሚወሰደው በመኪና ነው። የእኛም ቤት የሚተዳደረው በአጎቴ አሮጌ ኮሮላ ነው። የእኔ ደብተርም ሆነ የታናሽ እኅቴ የትምህርት ወጪ የሚገኘው ከእርሷ ነው።

መኪናዋ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ናት። ባለፈው ክረምት መሪው ሲዞር ከፊት ጎማዎች በኩል «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ታሰማ ጀመር። አጎቴ ወዲያው «ሁለቱንም አክስል አዲስ ገዝቼ ልገላገል» አሉ። ገንዘቡ ግን ለእኅቴ ለመስከረም የተቀመጠው ነበር። እኔም «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይፈታና እንየው» አልኳቸው።

ለመሆኑ የፊት አክስል ምንድን ነው? ኃይሉን ከካምቢዮ ተቀብሎ ወደ ፊት ጎማ የሚያደርስ ዘንግ ነው። ጎማው ግን ወደ ጎን ይዞራል፤ በጉድጓድ ላይም ይነሣል፣ ይወድቃል። ዘንጉ ይህን ሁሉ እንዲችል በጎማው ወገን ስድስት የብረት ኳሶች ያሉበት መታጠፊያ አለው። ይህን ዓይነቱን መታጠፊያ የፈለሰፈው የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ ሲሆን፣ ዘመኑም 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ኳሶቹ በግራሶ ተነክረው እስካሉ ድረስ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። የላስቲክ ሽፋናቸው ሲቀደድ ግን ግራሶው ተረጭቶ ይወጣል፣ ጭቃና አሸዋ ይገባል፣ ብረት ብረትን ይበላል። ጭቃ ደግሞ በእኛ አገር ሞልቷል!

መካኒኩ ሁለቱንም አውጥቶ በናፍጣ አጠባቸው። በቀኙ ላይ ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ በጣት ሲዳሰስ ይጎረብጣል፤ ሲያወዛውዙትም ይላወሳል። የግራው ሽፋን ቢሰነጠቅም ውስጡ ገና ለስላሳ ነበር። ስለዚህ ለግራው አዲስ ሽፋንና ግራሶ በቃው። ሁለት ይገዛ የተባለው ወደ አንድ ወረደ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የምርጫ ጉዳይ ነው። አንደኛው ፋብሪካው የማይታወቅ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አዲስ አክስል ነበር። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የመጣ፣ ከሌላ ኮሮላ የተፈታ ኦርጂናል ነው። መካኒኩም አሮጌውን ከጎናቸው አጋድሞ የሚከተሉትን አሳየን፦

1ኛ/ ርዝመት። ካምቢዮው ወደ አንድ ወገን ስላደላ የቀኙና የግራው አክስል ርዝመት እኩል አይደለም፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

2ኛ/ የጥርስ ብዛት። በሁለቱም ጫፍ ያሉት ጥርሶች አንድ በአንድ መቆጠር አለባቸው። አንድ ጥርስ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ዕቃው አይገባም።

3ኛ/ የመኪናዋ ዓመት። «የኮሮላ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ኮሮላ እስከ 1983 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የምትሄደው በኋላ ጎማ ኃይል ነበር፤ አብዛኞቹ በፊት ጎማ የሚሳቡት ከዚያ ወዲህ ነው።

4ኛ/ የመታጠፊያው ጥብቀት። በእጅ ይዞ ማጣመም፣ ሽፋኑንም ለጥጦ መሰንጠቁን ማየት ያስፈልጋል።

አዲሱ በርዝመት ቢስማማም በጥርስ ቁጥር አልተስማማም። ያገለገለው ግን በሁሉም ተስማማ፤ ሲያጣምሙትም አልተላወሰም። እርሱ ተገዛ። አዲስ ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣና ቁጥሩ የገጠመ ቢገኝ ኖሮ አጎቴ ያንን በመረጡ ነበር። ያገለገለው ስንት ክረምት እንደሚዘልቅም ዋስትና የሰጠን የለም። ቢሆንም ከተቀመጠው ገንዘብ ብዙው ተረፈ፤ እኅቴም በመስከረም ተመዘገበች።

እኛ ነገ ክፍል የምንገባ ሰዎች ነን። መቁጠር፣ መለካት፣ ማነጻጸር ብለን የምናስተምረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚቀር ነገር እንዳይመስለን። የአንድ ቤት የዓመት ወጪ በጥርስ ቆጠራ ሊድን ይችላል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ ወይም ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ከዝናብ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ ያንን የላስቲክ ሽፋን እዩት። ማየት ገንዘብ አያስከፍልም።