የጨለለቅቱ ቦይና የባሮ መርከብ

ከዲላ ተነሥቶ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ኮቸሬ የሚወጣ መንገደኛ ስለ ቡናውና ስለ እንሰቱ ብዙ ሰምቶ የሚመጣ ነውና፣ ያን ወሬ ለአንባቢ ትቼ፣ በኮቸሬ ያለችውን ጨለለቅቱን በጎበኘሁ ቁጥር እግሬ አስቀድሞ ወደሚመራኝ ወደ ቡና ማጠቢያው ልውረድ። በኅዳር ቀይ ሆኖ የተለቀመው እሸት ቡና ገለባው በመፈልፈያ ከተገፈፈለትና በገንዳ አድሮ ሙጫው ከለቀቀ በኋላ፣ በረጅሙ ቦይ ሲወርድ ቀላሉ ፍሬ ተንሳፍፎ ያልፋል፤ ክብደት ያለው ግን ከታች ይዘቅጣል፤ ሠራተኞቹም ያን የዘቀጠውን በእንጨት መግፊያ ወደ ውኃው መምጫ እየመለሱ፣ ጥርት እስኪል ድረስ ያሹታል። ከዚህ የሚያምር የሥራ ትርኢት በዞርሁበት አገር ሁሉ አላየሁም።

በዚሁ ቦይ ዳር ተቀምጠው ያገኘኋቸው አንድ ጨዋታ ወዳድ አረጋዊ፣ «ልጄ፣ ቡና በወንዝ በመርከብ ሲጫን አይተሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እርሳቸው ገና በጉርምስናቸው አንድ ነጋዴ ተከትለው፣ በባሮ ወንዝ ዳር ያለችው ጋምቤላ ደርሰው ኖሯል።

የወንዙ ንግድ ነገር የተጀመረው በዘመነ ምኒልክ ነው። የምዕራቡ ቡና ከባሕር እጅግ የራቀ ስለ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠና በወንዙ ጠረፍ ከ2,000 ሜትር ያልረዘመ ቦታ፣ ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል ተደርጎ፣ ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት ሽቅብ የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች በጋምቤላው ጣቢያ ጨውና ሸቀጥ አራግፈው ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጭኑ ነበር።

«ቡናው በበጋ ይደርቃል፤ መርከቡ ግን የሚመጣው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ነው» አሉኝ አረጋዊው። «ጆንያው በመጋዘን ተከምሮ ሰኔን ይጠብቃል፤ ውኃው ሳይጎድል ያልተመለሰ መርከብም አሸዋ ላይ ይቀራል።» ጣቢያው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

የእኛ የጌዴኦ ወንዞች መርከብ የመሸከም ዕጣ አላገኙም። ከከፍታው ወደ ምዕራብ የሚወርዱት በድንጋይ ላይ እየተንደረደሩ ወደ አባያ ይገባሉ፤ አባያም ወደ ባሕር የሚያደርስ መውጫ የለውም። ቡናችን ስለዚህ በአጋሰስ ጀርባ፣ ኋላም በካሚዮን ዲላ ገባ። ነገር ግን ይህን ገደላ ገደል ዛፉንና እንሰቱን ሳያጠፋ ያረሰ ሕዝብ ነን፤ በ2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ ዓለም ያየውን እኛ ከሕፃንነታችን እናውቀው ነበር፤ ይህንም ስጽፍ ልቤ ይሞላል።

አረጋዊው ስለ መርከቡ ፉጨት ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ከማዶ ደመና ጠቆረ። ወሬውን አቋርጠው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣ በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ይሸፍኑ ዘንድ ሴቶቹን እየተጣሩ ዳገቱን ወጡ።