«እንደምታዩት» የምትባለው ቃል

ከዘመናችን የትምህርት መንገዶች አንዱ በኢንተርኔት የሚደረገው ጉባኤ፣ ማለት ዌቢናር የሚባለው ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ የትምህርት ቤቶችን በር ባስዘጋ ጊዜ ተስፋፍቶ እስከ ዛሬ አብሮን አለ። ለእኛ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ታላቅ ደስታ ሊሆን በተገባው ነበር። ታክሲ ሳንጋፋ፣ የአዳራሹን ደረጃ በበትር ሳንዳብስ፣ በያለንበት ሆነን የምሁራንን ንግግር መስማት ማን ይጠላል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዓይነ ስውር በኮምፒዩተር እንዴት ይሠራል?» እያሉ ይጠይቁናል። የምንሠራው በስክሪን ሪደር ነው፤ ይኸውም በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ወደ ድምፅ እየለወጠ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ጆውስ የሚባለው በገንዘብ ይሸጣል፤ ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ኤንቪዲኤ ግን በነፃ ይገኛል። በዙም ስብሰባም ቢሆን ማውስ አንፈልግም። «አልት»ና «ኤ» ስንነካ ድምፃችን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ «አልት»ና «ዋይ» ስንነካ እጃችን ይነሣል። እንግዲህ በሩ ተከፍቶልናል ማለት ነው።

ችግሩ ከበሩ ወዲያ ነው። ተናጋሪው ስላይዱን ለሁሉ ሲያሳይ ወደ እኛ የሚደርሰው ፊደሉ ሳይሆን የፊደሉ ሥዕል ነው። ከሥዕል ውስጥ ፊደል ለማውጣት የሚሞክር መሣሪያ ቢኖርም፣ እኛ አንዱን ገጽ ሳንጨርስ ተናጋሪው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል።

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በተዘጋጀ ዌቢናር ላይ ተናጋሪው ሁለት ግጥሞችን ጎን ለጎን አሳይተው «እንደምታዩት ልዩነቱ ግልጽ ነው» አሉና አለፉ። ነገሩ ለተመልካቹ ግልጽ፣ ለሰሚው ግራ ሆነ። «እባክዎ ያንብቡልን» ልንል እጅ ስናነሣ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች በቻት «ሰላም»፣ «እናመሰግናለን» እያሉ ይጽፉ ስለ ነበር፣ ስክሪን ሪደራችን እያንዳንዱን በተናጋሪው ድምፅ ላይ ደርቦ ያነብልን ጀመር። በአንድ ጆሮ ሁለት ሰው! ቻቱን ዝም አሰኝተን ስንመለስ የጥያቄው ሰዓት አልቋል ተባለ። በመዝገቡ ላይ «ተገኝተዋል» ተብለን ተጻፍን፤ ግጥሞቹም በፈተና ላይ መጡብን።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ነገር ግን ይህ ጉዳይ ሕግ እስከ መጥቀስ የሚያደርስ አይመስለንም፤ መድኃኒቱ ርካሽ ነውና። ስላይዱ ከአንድ ቀን በፊት በፎቶግራፍ ሳይሆን በጽሑፍ ይላክልን። ተናጋሪው የሚያሳየውን ያንብብ፤ ሠንጠረዥም ቢሆን ፍሬ ነገሩን ይናገር። ቻቱ ለጥያቄ ብቻ ይሁን፤ ሰላምታው ይቆየን። ሰብሳቢውም ጥያቄ ከመዝጋቱ በፊት «የቀረ አለ?» ብሎ ጥቂት ይታገሥ።

የማኅበራችንን ዌቢናሮች የምናዘጋጀው እኛው ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ መምህራንን ከመውቀሳችን በፊት ከራሳችን ቤት እንጀምር። ወዳጆቻችን ሆይ፣ «እንደምታዩት» የምትለዋ ቃል ከአፋችሁ ልትወጣ ስትል ያያችሁትን ንገሩን። ከዚያ በኋላ ያለውን ክርክር ለእኛ ተዉት፤ ለመከራከር እንኳ ዓይን አያስፈልገንም!