አኩፋዳ

በጭልሞ ደን አጠገብ ያደገች፣ ቀድሞ ያስተማርናት ልጅ ወደ ቤታችን መጥታ «መምህር፣ በኑክሌር ሕክምና እንድመራመር ለማስተርስ ተቀብለውኛል፤ ስንቅ ግን የለኝም፤ መለመንም አፈርሁ» አለችን።

ያነሣሣት የእናቷ እንቅርት ነው፤ የአንገት ዕጢ አዮዲንን ከደም ስለሚሰበስብ፣ ጨረር የሚያወጣ ጥቂት አዮዲን ሲሰጥ የዕጢው ሥራ በመሣሪያ ይታያል።

እኛም በልጅነታችን አኩፋዳ አንግበን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ቍራሽ የሰጡንን እናቶች አወሳንላት። ማሪ ኩሪም በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ባገኘችው ገንዘብ እኅቷን በፓሪስ ረዳች፤ ኋላም በተራዋ እኅቷ ዘንድ ተጠግታ ተማረች። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2020 እ.ኤ.አ. ለሴቶች የማስተርስ ተማሪዎች ያቋቋመው የትምህርት ርዳታ በስሟ ይጠራል።

ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። መልሱ ገና አልመጣም፤ ደጅ እንጠናለን። ወላጆች ሆይ፣ ለትምህርት የተዘረጋ እጅ አያሳፍርምና ልጆቻችሁን አታሳፍሩ።