ግንቡ ይውደቅላት

መቼም እኛ አገር የኮምፒውተር ጌም ሲነሳ ወላጅ ሁሉ «ጊዜ ማጥፊያ!» ይላል። የኔም እናት እንዲሁ ናት። እኔ ግን ዛሬ ለጌም ጠበቃ ልቆም ነውና ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። ለልምምድ በወጣችበት ሳይት ፎርማኑ ወንዶቹን ወደ መወጣጫው እየላከ እሷን «አንቺ ደብተሩን ያዢ» ይላት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሲሚንቶ ሳትነካ ተመለሰች። የቨርቹዋል ሪያሊቲውን መነጽር ስታጠልቅ ግን «ውረጂ» የሚላት የለም። መሠረት ትቆፍራለች፣ ብረት ታስራለች፣ ኮንክሪት ትሞላለች። ቢፈርስባት የሚጎዳ ሠራተኛ፣ የሚከስር ባለቤት የለም።

ጌም ለቁም ነገር መዋሉ አዲስ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ሃቢታት ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነዋሪዎች የገዛ ሰፈራቸውን በማይንክራፍት እንዲነድፉ አድርጓል፤ ናይሮቢ፣ ኪቤራ ውስጥም ሠርቶበታል። ችግሩ ማይንክራፍት ውስጥ የታችኛውን ድንጋይ ብታወጡት የላይኛው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እስኪ ይህን ለዋግ ግንበኛ ንገሩት!

የሰቆጣ ልጅ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ደጁ ላይ አለው። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአለት የተፈለፈለ ነው። እዚያ ዓምድ አይቆምም፤ ዓምድ ማለት ጠራቢው ሳይነካ የተወው ድንጋይ ነው። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ላሊበላም ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረበችው፤ ጣሪያው መጀመሪያ፣ ወለሉ መጨረሻ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በኮምፒውተር ቀርጿቸዋል።

እኔ የምመኘው ታዲያ ተማሪዋ በዚያ ሞዴል ውስጥ ከመዞር አልፋ ራሷ የምትጠርብበትን ጌም ነው። ዓምዱን ካሳሳችው ጣሪያው ይናድባት፤ መቶ ጊዜ ይናድባት! ሳይቱ የነፈጋት ይህንኑ ነው፤ ተሳስቶ የመማር ዕድል።

ከዚያ በኋላ መነጽሩን አውልቃ ጭቃውን ትንካ። የአዲስ አበባው የሕንፃ ኮሌጅ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከዙሪኩ ኢቲኤች ጋር ሆኖ ግቢው ውስጥ «ሱዱ» የተባለ ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ሠርቷል። የአፈርን ክብደት የሚያስተምር መነጽር ገና አልተሠራም።

ለፎርማኖቻችንም አንድ መልእክት አለኝ፦ ደብተሩን እናንተ ያዙላት።